ሳንቲሙ «ሌላ ዓይነት ነው» የሚባለው መቼ ነው?

ከባሕር ዳር በጀልባ ተሻግሮ ዘጌ የወረደ ሰው፣ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት በሚያወጣው የቡና ጥላ መንገድ ግራና ቀኝ የተዘረጉ ጨርቆች ያያል። መስቀል፣ የብራና ሥዕል፣ በደንገል የተሠሩ ትንንሽ ታንኳዎች፣ አንዳንዴም ጥግ ላይ የተከመሩ አሮጌ ሳንቲሞች። ከክምሩ አንዱን አንስቶ ዋጋ የጠየቀ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ «ይሄ እኮ ሌላ ዓይነት ነው» የሚል ነው፤ ዋጋውም ከዚያ ቃል ጋር አብሮ ይወጣል። በስልካችን ላይም «እንዲህ ያለ ምልክት ያለበትን ሳንቲም በብዙ ሺህ ብር እንገዛለን» የሚል ማስታወቂያ ይዞራል። ታዲያ ሁለት ሳንቲሞችን «ሁለት ዓይነት» የሚያሰኛቸው ምንድን ነው? ትንሽ ልዩነት ሁሉ ዓይነት ይሆናል?

አይሆንም። ሰብሳቢዎች የሚለዩበት መንገድ አለ። ሁሉም ሰው በሁሉም ሳንቲም ላይ ባይስማማም፣ መንገዱን የያዘ ሰው በቀላሉ አይታለልም።

«ዓይነት» ሲባል ምን ማለት ነው?

የጣና ዓሣ አጥማጅ መረቡን ሲጎትት ያወጣውን በሦስት ይመድባል፦ ቀረሶ፣ አምባዛ፣ ነጭ ዓሣ። ለገበያ ይህ ይበቃዋል። የዓሣ ተመራማሪዎች ግን ነጭ ዓሣ የሚባለውን ብቻ ወስደው በአፉ አቀማመጥ፣ በአካሉ ቅርጽ፣ በሚበላው ምግብና በሚራባበት ቦታ 15 ያህል ለይተውታል፤ ቀድሞ እነሱም በአንድ ስም ይጠሩት ነበር። አጥማጁም ተመራማሪው ትክክል ናቸው። ልዩነታቸው የት ድረስ መክፈል እንደሚያስፈልጋቸው ነው።

ሳንቲም ላይም ሁለት ደረጃ አለ። ዓይነት የሚባለው ሳንቲሙን ያወጣው መንግሥት ወይም ባንክ አስቦ የወሰነው ነገር ነው፦ የገንዘቡ ዋጋ (ስሙኒ፣ ሽልንግ)፣ የተሠራበት ብረት፣ ስፋቱና ክብደቱ፣ የጠርዙ ቅርጽ፣ በሁለቱ ገጽ ያለው ሥዕልና ጽሑፍ። ከእነዚህ አንዱ ታስቦ ከተለወጠ አዲስ ዓይነት ተወለደ። ንዑስ ዓይነት የሚባለው ደግሞ ውሳኔው ሳይለወጥ፣ በማተሚያ ቤት ሥራ ውስጥ የገባና በብዙ ሳንቲሞች ላይ በአንድ መልክ የሚደገም ልዩነት ነው።

ሁለቱን ገጾች ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ «ዘውድ» እና «ጎፈር» ብሎ ስም ሰጥቷቸዋል፤ ዕጣ ስንጥል የምንጠራቸው ማለት ነው። ዘውድ የንጉሡ መልክ ያለበት፣ ጎፈር አንበሳው ያለበት ገጽ ነው። በደርግ ዘመን ንጉሡ ከሳንቲሙ ወጥቶ አንበሳው በአንድ ገጽ ብቻውን ቢቀርም ስሙ አልጠፋም።

ልዩነቱ ከየት እንደመጣ እንዴት ይታወቃል?

ዋናው ጥያቄ ይህ ነው፤ ሌላው ሁሉ የሚፈታው በዚህ ነው። እንጀራ እንውሰድ። የጤፍ ይሁን የማሽላ ገና ከቤት ሲታሰብ ይወሰናል። ምጣዱ ስንጥቅ ካለው በዚያ ምጣድ በሚጋገር እንጀራ ሁሉ ጀርባ ላይ ያው መስመር ይወጣል። ሊጡ ሲዞር እጅ ቢያመልጥ አንዱ እንጀራ ብቻ ዳሩ ይጎድላል። ከሞሰብ ሲነሳ ቢቀደድ ደግሞ ጋጋሪዋም ምጣዱም የሉበትም።

ሳንቲምም አራት በር አለው። በመጀመሪያው በር ውሳኔ ይገባል፤ እዚህ የገባ ልዩነት ዓይነት ነው። በሁለተኛው ማኅተሙ ይቀረጻል፤ ማኅተም የምንለው ሥዕሉ ተገልብጦ የተቀረጸበትን ጠንካራ ብረት ነው፤ እዚህ የገባ ልዩነት ንዑስ ዓይነት ነው። በሦስተኛው ያልታተመው ክብ ብረት በሁለት ማኅተሞች መካከል ገብቶ ይመታል፤ እዚህ የገባ የማተም ግድፈት ነው፤ ለምሳሌ ሥዕሉ ከመሃል ሸሽቶ ግማሹ ከጠርዙ ውጭ የቀረበት ሳንቲም። አራተኛው በር ኪስ፣ ገበያ፣ እሳትና አፈር ነው፤ ከዚያ የሚመጣው ጉዳት እንጂ ሌላ አይደለም።

ሁለተኛውንና አራተኛውን በር ለመለየት ሳንቲሙን ከጎን በሚመጣ አንድ መብራት ሥር ይዞ ቀስ ብሎ ማዘንበል ይበቃል። ማኅተም ሲሰነጠቅ ብረቱ በሚመታበት ጊዜ ወደ ስንጥቁ ውስጥ ስለሚገባ ሳንቲሙ ላይ የሚታየው መስመር ወደ ላይ የወጣ ነው። ወደ ውስጥ የገባ መስመር አብዛኛውን ጊዜ ጭረት ነው። ከፊደል አንዱ እግር ቢጠፋና ቦታው ልሙጥ ቢሆን፣ ማኅተሙ ጉድጓድ ውስጥ ቅባትና ቆሻሻ ሞልቶ ይሆናል፤ ቦታው የተፋቀ ወይም የተጨፈለቀ ከሆነ ግን ሰው ነክቶታል። «ፊደል የጎደለው ልዩ ሳንቲም» ተብሎ የሚቀርበው ብዙው ከእነዚህ የሁለቱ አንዱ ነው፤ ዓይነት አያሰኝም።

ዘመኑ ቢለይ ዓይነቱ ይለያል?

በብዙ ሰብሳቢዎች ዘንድ አይለይም። ሥዕሉ፣ ብረቱና መጠኑ ያው ከሆነ በየዓመቱ የሚለወጠው ቁጥር አንድን ዓይነት በዘመን ይከፍለዋል እንጂ አዲስ ዓይነት አያደርገውም። የእኛ አገር ችግር ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ዘመኑ ሳይለወጥ ሳንቲሙ ይለወጣል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሳንቲሞች ላይ ያለው ፲፱፻፴፮ ደርግ በ1969 ዓ.ም. አዲስ ሳንቲም እስኪያወጣ ድረስ ለ30 ዓመት ያህል እየተደገመ ታትሟል። ስለዚህ ፲፱፻፴፮ የሚል ሳንቲም የያዘ ሰው መቼ እንደታተመ ከቁጥሩ አያውቅም።

ሌላም ስህተት ከዚሁ ይነሳል። ቁጥሩን አንብቦ በፈረንጅ 1936 ያደረገው ሰው «ጣሊያን አዲስ አበባ በገባበት ዓመት የታተመ» ብሎ ታሪክ ይፈጥርለታል። ሳንቲሙ ላይ ያለው የእኛው ዘመን ነው፤ 1936 ዓ.ም. የገባው በአውሮፓ አቆጣጠር መስከረም 1943 ነው፤ ጣሊያን ከወጣ በኋላ። አነባበቡም ቀላል ነው፦ ፲ እና ፱ አብረው 19፣ ፻ መቶ፣ ፴፮ ደግሞ 36። በአለቀ ሳንቲም ላይ ፮ እና ፯ ስለሚቀራረቡ ከመወሰን በፊት በማጉያ ማየት ይገባል።

ሁለቱ ስሙኒዎች ለምን ሁለት ዓይነት ሆኑ?

ከሁሉ የጠራ ምሳሌ ይህ ነውና ቆም ብለን እንየው። የ1936ቱ ስሙኒ መጀመሪያ የወጣው ክብ ሆኖ ነበር። መዳብ ነው፤ ስፋቱ ግን ከብር ከተሠራው ሽልንግ ጋር ተቀራረበ። ውሎ ሳያድር ስሙኒው ነጭ እየተለበጠ በሽልንግ ስም መሰጠት ጀመረ። መፍትሔው ጠርዙን መለወጥ ሆነ፤ እንደ አበባ ቅጠል ዙሪያውን ጎርበጥ ጎርበጥ ያለ ስሙኒ ወጣ። በጨለማ ኪስ ውስጥ እንኳ ጣት ይለየዋል። በእጃችን የሚገኘው ብዙው ስሙኒ ይህ ነው፤ ክቡ ጥቂት ነው።

ሥዕሉ ያው፣ ጽሑፉ ያው፣ ዘመኑ ያው፣ ብረቱ ያው። የተለወጠው ጠርዙ ብቻ ነው። ግን የተለወጠው ታስቦ፣ ገንዘቡ በገበያ እንዳይምታታ ተብሎ ስለሆነ፣ ልዩነቱ የገባው በመጀመሪያው በር ነው። ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ካታሎግም ለየብቻ ቁጥር ይሰጣቸዋል።

አበባማው ስሙኒ ደግሞ በውስጡ ሌላ ልዩነት አለው፤ የጠርዙ አቆራረጥ ሻካራ የሆነና ጥርት ያለ ይገኛል። እዚህ ላይ ማጉያው ይሠራል። የጠርዙን ከፍታ ተከትሎ ማጉያውን ማዞር ነው፦ በዙሪያው ያለው ከፍ ያለ ክፈፍ ከጎርባጣው ጋር አብሮ የሚገባና የሚወጣ ከሆነ ብረቱ ከመታተሙ በፊት ቅርጹን ይዟል። ክፈፉ በየገባው ቦታ ተቆርጦ ካለቀ ግን ቅርጹ የተሰጠው ከታተመ በኋላ ነው። ከታተመ በኋላ የተቆረጠውን በሞረድ ተጫውቶ «ልዩ» ለማድረግ ከሞከረ ሰው ሥራ የሚለየው መደጋገሙ ነው፤ የጎርባጣዎቹ ስፋት እኩል ካልሆነ፣ የሞረድ ጭረትም ካለው፣ አራተኛው በር ላይ ነን።

ዓይን የማያየው ልዩነትስ?

የ1936ቱ ሽልንግ ከባድ ጥያቄ ያመጣል። መጀመሪያ የታተመው ከመቶ 80 እጅ ብር ነበር፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ የታተመው 70 እጅ ብር ነው። መልኩ አይለይም፣ ዘመኑም አይለይም፣ ክብደቱም 7 ግራም አካባቢ ነው። ብረቱ ታስቦ ስለተለወጠ በደንቡ ሁለት ዓይነት ናቸው። ግን ማን ለይቶ ያውቃቸዋል?

ብዙ ሰው «በውኃ መመዘን ነው» ይላል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ በላስቲክ ኩባያ ውኃ ሚዛን ላይ ይቀመጥና ሚዛኑ ዜሮ ይደረጋል፤ ሳንቲሙ በስፌት ክር ታስሮ፣ ታቹንና ጎኑን ሳይነካ፣ ሙሉ በሙሉ ውኃው ውስጥ ይንጠለጠላል። ሚዛኑ የሚያሳየው ቁጥር ሳንቲሙ የገፋው ውኃ ነው። የሳንቲሙ ክብደት ለዚያ ቁጥር ሲካፈል የብረቱን እፍጋት ይሰጣል። የ80 እጁ ሽልንግ 0.69 ግራም ያህል፣ የ70 እጁ 0.70 ግራም ያህል ውኃ ይገፋል። ልዩነቱ አንድ መቶኛ ግራም ብቻ ነው፤ ተራው የወርቅ ቤት ሚዛን ደግሞ የሚያነበው እስከ መቶኛ ግራም ነው። በሳንቲሙ ላይ የተጣበቀች አንዲት የአየር አረፋ ውጤቱን ትገለብጠዋለች። ሽልንግን በዚህ መንገድ ለመለየት እስከ ሺኛ ግራም የሚያነብ ሚዛን ያስፈልጋል። እሱ የሌለው ሰው መዝገቡ ላይ «ሽልንግ፣ 1936፣ ብረቱ ያልተለየ» ብሎ መጻፉ ገምቶ ከመጻፍ ይሻላል።

ጠገራ ብር፣ የማርያ ትሬዛ ብር የሚባለው፣ ላይ ግን ይኸው ዘዴ በደንብ ይሠራል፤ ብረቱ ብዙ ነውና። ጠገራ 28.07 ግራም ይመዝናል፣ ከመቶ 83 እጅ ብር ነው፣ የሚገፋው ውኃ 2.75 ግራም አካባቢ ነው። በመዳብና ኒኬል ተሠርቶ ክብደቱ የተስተካከለ ማስመሰያ 3.15 ግራም ያህል ይገፋል። ይህን ተራ ሚዛንም አያስተውም። ለአንገት ጌጥ ማንጠልጠያ የተበየደበት ጠገራ ግን ብየዳው ሁለቱንም ቁጥር ስለሚያበላሽ በዚህ አይፈተንም።

ጠገራውስ ራሱ ስንት ዓይነት ነው?

በጠገራው ላይ መልኳ ያለው የኦስትሪያ እቴጌ ማርያ ትሬዛ የሞተችው በ1780 በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ከዚያ ወዲህ የታተመው ጠገራ ሁሉ ይኸንኑ ዓመት ይዟል። ቪየና፣ ሚላኖ፣ ቬኒስ፣ በኋላም ሮማ፣ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ቦምቤይ አትመውታል። ከጣና በስተ ምሥራቅ በይፋግ ገበያ ሲቆጠር የነበረው ጠገራና በኋላ ከአውሮፓ የመጣው በመልክ አንድ ናቸው።

ታስቦ አንድ እንዲመስል ተደርጎ ስለተሠራ በዓይነት አንድ ነው፤ እንዲያውም ሥዕሉ ትንሽ ቢለወጥ የአገራችን ነጋዴ አልቀበልም ይል ነበር። የተቀየረው ማኅተሙን የቀረጸው እጅ ነው፦ በእቴጌይቱ ትከሻ ላይ ያለው ጌጥ ዕንቁዎች፣ የንስሩ ጅራት ላባዎች፣ የፊደሎቹ ርቀት። ዘመኑ ስለማይናገር የት እንደታተመ የሚናገሩት እነዚህ ጥቃቅን ነገሮች ብቻ ናቸው። ስለዚህ ጠገራ ሰብሳቢው ንዑስ ዓይነቱን አጥብቆ ይቆጥራል። ዘመኑ በየዓመቱ የሚለወጥ ሳንቲም የሚሰበስብ ሰው ግን ያን ያህል ላይደክም ይችላል።

የአንበሳው እግርና ጺም ምን ይነግረናል?

በዳግማዊ ምኒልክ ብር ላይ አንበሳው የሚያነሳው የፊት እግር በአንዳንዱ ግራው፣ በአንዳንዱ ቀኙ ነው። ብዙ ሰው የሚስተው «ግራ» የማን ግራ እንደሆነ ነው፤ የአንበሳው እንጂ የተመልካቹ አይደለም። አንበሳው ፊቱን ወደ እርስዎ ግራ አዙሮ ከሄደ፣ ወደ እርስዎ የቀረበው ጎኑ ግራው ነው። የእግሩ ልዩነት የሥዕሉን አቋም የሚለውጥ፣ ማኅተሙ እንደገና ተስሎ የተቀረጸበት ስለሆነ ካታሎግ ለየብቻ ይቆጥረዋል፤ እኔም ይህን ትክክል ነው እላለሁ።

የ1969ኙ ሳንቲሞች ጺም ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በአንዱ የአንበሳው ራስ ትንሽ ሆኖ በግራ በኩል ሁለት ረጃጅም የአገጭ ጸጉሮች ወደ ዘመኑ ሊደርሱ ይቃረባሉ፤ በሌላው ራሱ ትልቅ፣ ጸጉሩም እኩል ነው። ሥዕሉ ያው የአንበሳ ራስ ነው፤ ማተሚያ ቤት ሲለይ የተለየ የቅርጽ ሥራ ነው። ይህ ንዑስ ዓይነት ነው። ሁለቱም በብዛት ታትመዋል፤ «ጺማሙ» ብቻውን ሀብት የሚያደርግ ነገር አይደለም።

በካታሎግ ይህን ለመለየት የሚረዳ ልማድ አለ። ኬኤም የሚባለው ቁጥር (ክራውስና ሚሽለር ካዘጋጁት የዓለም ሳንቲሞች ካታሎግ የመጣ ነው) ሙሉ ሲለወጥ ዓይነቱ ተለወጠ ማለት ነው፤ ከቁጥሩ በኋላ ነጥብ ካለ በአብዛኛው የቅርጽ ትንሽ ልዩነት፣ ፊደል ከተከተለው ደግሞ የብረት ልዩነት ነው። ልማድ ስለሆነ በሁሉም ቦታ እኩል አልተጠበቀም።

ማግኔት ይበቃል?

የ1969ኙ ስሙኒና ሽልንግ መዳብና ኒኬል ስለሆኑ ማግኔት አይዛቸውም። በኋላ በ1996 ዓ.ም. ዘመን የታተሙት ላዩ በሌላ የተለበጠ አረብ ብረት ስለሆኑ ማግኔት ይይዛቸዋል። ሥዕሉ አንድ ቢሆንም ብረቱ በውሳኔ ስለተለወጠ መለየት ይገባል። ግን ማግኔቱን ያለ ዘመኑ ማንበብ ያሳስታል፦ የ1923ቱ 10፣ 25 እና 50 ማቶናዎች (ማቶና ያኔ የብር መቶኛ ነበር) ከኒኬል የተሠሩ ናቸው፤ ኒኬል ደግሞ ራሱ በማግኔት ይያዛል። «ማግኔት ያዘው፣ የውሸት ነው» ተብሎ እውነተኛ ማቶና ሊጣል ይችላል።

የአክሱም ሳንቲምስ?

እዚያ ዘመንም ዋጋም አልተጻፈም፣ ማኅተሙም እያንዳንዱ በእጅ የተቀረጸ ስለሆነ ሁለት ማኅተም አንድ አይመስልም። ስለዚህ በጥቃቅን ልዩነት ዓይነት መቁጠር ትርጉም የለውም፤ የሚቆጠረው በንጉሡ ስም፣ በብረቱ፣ በቋንቋውና በምልክቱ ነው። ዒዛና ክርስትናን ሲቀበል በሳንቲሙ ላይ የነበሩት ጨረቃና ክብ ወጥተው መስቀል ገባ፤ ከዚህ የበለጠ ታስቦ የተደረገ ለውጥ አይገኝም። ይህን ሳንቲም ግን መሸጥና ከአገር ማውጣት የሰብሳቢ ጉዳይ አይደለም፤ ቅርስ ነው፣ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተጠበቀ ነው። ሲቆፍር ያገኘ ሰው ለቅርስ ባለሥልጣን ማሳወቅ አለበት።

በእጅ ያለውን ሳንቲም እንዴት መመዝገብ ይቻላል?

ዕቃው ጥቂት ነው፦ አሥር እጥፍ የሚያጎላ ማጉያ፣ እስከ መቶኛ ግራም የሚያነብ ሚዛን፣ ስፋት የሚለካ ካሊፐር፣ ትንሽ ማግኔት፣ ከጎን የሚበራ አንድ አምፖል። ሳንቲሙ የሚያዘው በጠርዙ ነው። በሎሚና በአመድ መታጠብ የለበትም፤ አሲዱ የላይኛውን ቆዳ ይበላል፣ አመዱ ደግሞ ልንለይበት የምንፈልገውን ጥቃቅን መስመር ይፍቃል። አንዴ የተፋቀ ጠገራ የዕንቁው ቁጥር አይገኝበትም።

መዝገቡ ላይ መጀመሪያ የሚጻፈው የታየው ነው፤ ስሙ ኋላ ይመጣል። ለምሳሌ፦ «25 ሳንቲም፣ ፲፱፻፴፮፣ መዳብ፣ ማግኔት አይዘውም፣ ጠርዙ አበባማ፣ ክፈፉ ከጎርባጣው ጋር ይገባል፣ አንበሳው ላይ ወደ ውስጥ የገባ ጭረት»። ክብደቱና ስፋቱም ይታከልበታል። ከዚያ በኋላ የትኛው በየትኛው በር እንደገባ መመደብ ቀላል ነው፦ አበባማው ጠርዝ ዓይነቱን፣ የክፈፉ ሁኔታ ንዑሱን ይወስናል፤ ጭረቱ ዋጋውን ብቻ ይቀንሳል።

በሐይቁ ዳር ላለ ሰው አንድ ነገር ይጨመር። ክረምት ላይ የባሕር ዳር አየር እርጥብ ነው፤ መዳብ ሳንቲም በላስቲክ ከረጢት ታሽጎ ሲቀመጥ አረንጓዴ ዱቄት የመሰለ ዝገት ያበቅላል። ለስላሳውና የሚሸተው ላስቲክ ራሱም ብረቱን ያጣብቀዋል። እያንዳንዱን በወረቀት ፖስታ ለይቶ፣ በደረቅ ቀን፣ ከግድግዳ ራቅ ባለ ሣጥን ማስቀመጥ ይሻላል። አረንጓዴው ዱቄት የታየበት ሳንቲም ደግሞ ከሌሎቹ ወዲያው ይለያል፤ እርጥበት ካገኘ መብላቱን አያቆምም፣ ዱቄቱም ከጎኑ ወደተቀመጠው ሊሻገር ይችላል።